«እርስዎ» ማለቱን አትተዪ፤ «ምናልባት»ን ግን ተዪው

ሰላም ላንቺ ይሁን።

ደብዳቤሽን «እርስዎ» እያልሽ ነው የጻፍሽልኝ። እኔ ደግሞ «አንቺ» እያልኩ ልመልስልሽ ነው፤ የመጨረሻ ልጄ እኩያ ነሽና። ቢሮ ውስጥ ብንገናኝ ኖሮ ግን እኔም «እርስዎ» እልሽ ነበር። ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የጻፍሽልኝ ነገር ሁሉ እዚሁ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ማን ማንን ምን ብሎ ይጠራል፣ ማን ሲናገር ይሰማል የሚለው ላይ።

አንባቢ እንዲከተለን ታሪክሽን ላሳጥረው። በሲቪል ምህንድስና ተመርቀሽ አንድ የሕንፃ ተቋራጭ ዘንድ ኦፊስ ኢንጂነር ሆነሽ ገባሽ። ስድስት ወር ሆነሽ። አንድ ቀን አለቃሽ ያዘጋጁትን የፌሮ ትዕዛዝ ስታገላብጪ ስህተት አገኘሽ። የወለሉና የቢሙ (ወለሉን የሚሸከመው አግዳሚ) ባለ 14 ፌሮ፣ ማለትም ውፍረቱ 14 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ በባለ 12 ክብደት ተባዝቷል። ባለ 14 በሜትር 1.21 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ባለ 12 ደግሞ 0.888። በዚህ ስሌት የሚመጣው ብረት ከሚያስፈልገው ሩብ ያህሉ፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ ይጎድለዋል። አለቃሽ ቢሮ ገብተሽ እንዲህ አልሽ፦

«ኢንጂነር፣ ምናልባት እኔ ተሳስቼ ሊሆን ይችላል፣ ግን ጊዜ ካለዎት ይቺን ገጽ አንዴ ቢያዩዋት ጥሩ ይመስለኛል።»

«እሺ፣ አያታለሁ» አሉሽ። አላዩዋትም። ፌሮው ታዘዘ። ቢሙ ግማሹ ታስሮ ብረቱ አለቀ፣ የአርማታ ሙሌቱ ቀረ፣ ሳይቱ አራት ቀን ቆመ። ሰኞ ስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ «ሉሁ አንቺ እጅ አልነበረም እንዴ? ለምን አልነገርሽኝም?» አሉሽ። አንቺም ሆድ ይፍጀው ብለሽ ዝም አልሽ።

በዚህ ላይ ስብሰባው በእንግሊዝኛ ነው፣ አፍሽ ይተሳሰራል። ፎርማኑ አብሮሽ የተቀጠረውን ልጅ «ኢንጂነር» ሲሉት አንቺን «ቆንጆ» ይሉሻል። ትንሽ ቅር ባለሽ ቁጥር ደግሞ «ገና ሙከራ ላይ ነሽ» የሚል መልስ ይመጣል። የጠየቅሽኝ ሦስት ነገር ነው። እንግሊዝኛ ኮርስ ልግባ? ጠንከር፣ ኮስተር ያልኩ ልሁን? አንዱ ወጣት ሥራ አስኪያጅ «አንተ በይኝ» ብሎሻልና «እርስዎ» ማለቱን ልተው?

በይ እንግዲህ። መጀመሪያ ጥፋቱን ወደ ቦታው እንመልሰው። ስሌቱን የሠሩት አለቃሽ ናቸው። አያለሁ ብለው ያላዩትም እሳቸው ናቸው። ሥልጣን ያለው ሰው የመስማት ግዴታው ካልተሰማው ሰው የመጮህ ግዴታ ይበልጣል። «ለምን አልነገርሽኝም» የሚለው ጥያቄ በሰው ፊት ከአለቃ አፍ ሲወጣ ጥያቄ መሆኑ ይቀራል፤ ፍርድ ነው። ስለዚህ ያን ቀን ዝም በማለትሽ ራስሽን አትውቀሺ። እኔም ብሆን ዝም እል ነበር።

አሁን ግን ወደዚያች አረፍተ ነገርሽ እንመለስ። ደጋግሜ አነበብኳት። ማለሳለሻዎቿን ቆጠርኩ። ምናልባት፣ አንድ። ተሳስቼ ሊሆን ይችላል፣ ሁለት። ጊዜ ካለዎት፣ ሦስት። «ይህን» ሳይሆን «ይቺን»፣ ነገሩን ለማሳነስ፣ አራት። አንዴ፣ አምስት። ቢያዩዋት ጥሩ፣ ስድስት። ይመስለኛል፣ ሰባት። ሰባት ማለሳለሻ፤ ቁጥር ግን አንድም የለም። 14 የለም፣ 12 የለም፣ ፌሮ የሚል ቃል የለም። ስህተት የሚል ቃል የለም። «ዛሬ» የሚል ቃል የለም። አለቃሽ የሰሙት አንዲት ትሁት ልጅ አንድ ገጽ እንዲያዩላት ስትለምናቸው ነው። ስልካቸው እየጠራ፣ ደጃቸው ላይ ሰው ቆሞ፣ ልመናውን ለነገ አሳደሩት።

እዚህ ላይ ከሁሉ በላይ እንድትይዢልኝ የምፈልገው ነገር አለ። አማርኛ አክብሮትን በግሱ ውስጥ አስቀምጦልናል። «ይመልከቱት» ስትዪ አክብሮቱ ተከፍሏል። «ኢንጂነር» ብለሽ ስትጀምሪ ተከፍሏል። ዕዳ የለብሽም። እንግሊዝኛ ለአለቃውም ለዘበኛውም አንድ «ዩ» ብቻ ነው ያለው፤ ስለዚህ ተናጋሪው ትህትናውን በሌላ ቃል፣ በ«ምናልባት»ና በ«ቢሆን» ማሟላት ይኖርበታል። እኛ ግን በግሱም ከፍለን፣ በ«ምናልባት»ም ደግመን እንከፍላለን። ሁለተኛው ክፍያ የሚወጣው ከመልእክቱ ላይ ተቆርሶ ነው። «ባለ 14ቱ በባለ 12 ክብደት ተባዝቷል፤ ከመታዘዙ በፊት ይዩት» ብትዪ ኖሮ የትኛው ቃል ነው ድፍረት የሚሆነው? አንዱም። አክብሮት አለው፣ እውነትም አለው።

አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይባላል። የአራት ቀኑ የሳይት መቆም ያ አረም ነው።

ይህ የአንቺ ብቻ ችግር እንዳይመስልሽ፣ በዓለም ላይ ከታወቁት አደጋዎች አንዱን ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 በስፔኗ ቴነሪፍ ደሴት ላይ ጉም አውሮፕላን ማረፊያውን ሸፍኖት ነበር። ኬኤልኤም የተባለው የኔዘርላንድስ አየር መንገድ ቦይንግ 747 ለመነሳት መንደርደር ጀመረ፤ ፓን አም (ፓን አሜሪካን) የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ 747 ግን ከዚያው ማኮብኮቢያ ገና አልወጣም። የኬኤልኤሙ ካፒቴን የአየር መንገዱን ሌሎች አብራሪዎች የሚያሠለጥን፣ የተከበረ ሰው ነበር። ከኋላው የተቀመጠው የበረራ መሐንዲስ ሬዲዮውን ሰምቶ ጠረጠረና ጠየቀ፦ ያ ፓን አሜሪካን አልወጣም እንዴ? ካፒቴኑ በእርግጠኝነት ወጥቷል ብሎ መለሰ። መሐንዲሱ አልደገመም። ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ተጋጩ። 583 ሰው ሞተ።

ያ መሐንዲስ ያየው ነገር አልነበረም፣ ጥርጣሬ ብቻ ነበረው። ቢሆንም ጥርጣሬውን በጥያቄ መልክ አቀረበው፤ ጥያቄ ደግሞ ከበላይ ሰው አንዲት «አዎ» ስትመጣበት ይዘጋል። ከዚያና ከመሰል አደጋዎች በኋላ አየር መንገዶች ለሠራተኞቻቸው አዲስ ሥልጠና አመጡ። ታናሹ እንዴት ደፍሮ ይናገር፣ ታላቁ እንዴት ይስማ የሚል ነው። በሬዲዮ የሚነገረውን ቃል ሳይቀር አስተካከሉ። ዛሬ «ቴክኦፍ» የሚለው ቃል የሚነሳው የመነሳት ፈቃዱ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ ነው፤ ሌላ ጊዜ በሌላ ቃል ይተኩታል። አንዲት ቃል ሁለት ትርጉም እንዳትይዝ።

እኔም የራሴ ቴነሪፍ አለኝ፤ ሰው አልሞተበትም እንጂ። ወጣት ሳለሁ የምሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ ጨረታ ሊወዳደር ነበር። ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ነው፣ መዝጊያው «10:00» ይላል። አለቃዬ አሥር ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ብለው አነበቡት። እኔ ደግሞ የፈረንጅ አቆጣጠር እንደሆነ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ማለት እንደሆነ ገብቶኛል። ምን አልኩ? «ጋሼ፣ ሰዓቱ… የፈረንጅ ይሆን እንዴ?» አልኩ። «አይ፣ የኛ ነው» አሉኝ። ዝም አልኩ። ከሰዓት በኋላ ፖስታውን ይዘን ስንደርስ ሳጥኑ ከተከፈተ ስድስት ሰዓት ሊሞላው ነው። ታክሲ ውስጥ ስንመለስ አለቃዬ አንድ ቃል አልተናገሩም። እኔ ግን ያችን «ይሆን እንዴ» እስከ ዛሬ አልረሳትም። አውቄው ነበር። አውቄ ጠየቅሁ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ በዪ። «ኢንጂነር፣ የፌሮው ትዕዛዝ ስላሳሰበኝ ነው የመጣሁት። ባለ 14ቱ በባለ 12 ክብደት ተባዝቷል። በዚህ ከታዘዘ ከሩብ በላይ ይጎድላል። አስተካክዬ አምጥቻለሁ፤ ዛሬ ከመላኩ በፊት ይፈርሙበት?» ስማቸውን ጠራሽ፣ ጭንቀትሽን ተናገርሽ፣ ስህተቱን በቁጥር አስቀመጥሽ፣ መፍትሔውን ይዘሽ ቀረብሽ፣ ስምምነታቸውን ጠየቅሽ። የአብራሪዎቹም ሥልጠና ከዚህ ብዙ አይርቅም። «ተሳስተዋል» እንዳላልሽ ልብ በዪ። «ተባዝቷል» ነው ያልሽው። ጥፋቱ ቁጥሩ ላይ እንጂ ሰውየው ላይ አላረፈም። አማርኛ ይህንንም ይችላል።

ደግሞ ቦታውን ምረጪ። በኮንሳልታንቱ፣ ሥራውን በሚቆጣጠረው አማካሪ፣ ፊት አለቃሽን አታርሚያቸው። ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ካልሆነ በቀር በር ዘግታችሁ ተነጋገሩ። የሰው ፊት መጠበቅ ፍርሃት አይደለም፤ እንዲሰሙሽ መንገድ መጥረግ ነው። ከቢሮው ወጥተሽ ግን ወዲያው ቴሌግራም ላይ ሁለት መስመር ላኪ፦ «ኢንጂነር፣ ቅድም እንደነገርኩዎት የባለ 14 ፌሮ ክብደት ተስተካክሏል፤ ሉሁን አያይዣለሁ።» ነገ «አልነገርሽኝም» እንዳትባዪ ብቻ አይደለም። ሰው ሲጣደፍ በጆሮው ያመለጠውን በዓይኑ ይይዘዋል። «እሺ» ደግሞ አታላይ ቃል ናት። እሺ ይበልጣል ከሺ ብለን ያደግን ሰዎች ነን፤ ለተስማማነውም፣ ለሰማነውም፣ ልናሰናብተው ለፈለግነውም ሰው እሺ እንላለን። ከአለቃ የመጣች እሺ ፊርማ አይደለችም። ፊርማውን ጠይቂ።

ወደ እንግሊዝኛው ልምጣ። ኮርስ ብትገቢ ጥሩ ነው፣ ማንም አይከለክልሽም። ችግርሽ ግን ያ ብቻ አይመስለኝም። አለቃሽ ቢሮ የገባሽው በአማርኛ ነበር፤ አልተሰማሽም። ሳይታችሁ ላይ ያሉትን ቃላት እስቲ ጆሮሽን ጥለሽ ስሚያቸው። ፌሮ፣ ካቦ፣ ስታፋ (ፌሮዎቹን ዙሪያቸውን አቅፎ የሚይዘው ብረት)፣ እነዚህ የጣሊያንኛ ናቸው። ሳይት፣ ኮንሳልታንት፣ ቢል፣ እነዚህ ደግሞ የእንግሊዝኛ። አሠሪና ከፋይ በተለወጠ ቁጥር ቃሉም ይለወጣል። ሕገ መንግሥቱ በ1987 አማርኛን የፌዴራል መንግሥት የሥራ ቋንቋ አድርጎታል፤ በ2012 የጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲም አፋን ኦሮሞን፣ ትግርኛን፣ ሶማልኛንና አፋርኛን ጨምሯል። ይሁንና አዲስ አበባ ውስጥ፣ አንድም የውጭ ሰው በሌለበት ክፍል፣ ስምንት ኢትዮጵያውያን በእንግሊዝኛ ስብሰባ ይቀመጣሉ። የውል ሰነዱና ስፔሲፊኬሽኑ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቃላቱ መግባታቸው አይቀርም፣ ያ ይገባኛል። ነገር ግን ሐሳብ ያለው ሰው ዝም ብሎ፣ እንግሊዝኛ የሚያንቆረቁረው ሲያወራ የሚውልበት ስብሰባ ለሥራው ጉዳት ነው።

የአንቺ መላ እንዲህ ይሁን። አጀንዳውን ቀድመሽ ጠይቂ። ከጉዳዮቹ አንዱን ብቻ ምረጪና ሦስት አጫጭር ዐረፍተ ነገር ጽፈሽ ግቢ። የሚያስፈልግሽ ቁጥርና ግስ ነው፤ የሚያምር እንግሊዝኛ ማንም አልጠየቀሽም። ስብሰባው በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ተናገሪ፤ ዝምታ እየቆየ በሄደ ቁጥር ይከብዳል። ዝም አይነቅዝም ይሉናል። ቢሮ ውስጥ ግን ይነቅዛል። ከባድ ውሳኔ ሲመጣ ደግሞ «ሁላችንም አንድ ነገር መረዳታችንን ለማረጋገጥ ይህን በአማርኛ ልድገመው» በዪ። ስንቱ ሰው እፎይ እንደሚል ታያለሽ። ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ አንዱ አማርኛውን ሲጀምር ስድስት ሰው ጥያቄ ያነሳል።

ቃለ ጉባኤውን አንዳንዴ ያዢ። የተባለውን የሚጽፈው ሰው ቀላል ኃይል የለውም፤ «ተስማምተዋል» እና «ተነጋግረዋል» በሚሉት መካከል ያለውን ልዩነት የሚወስነው እሱ ነው። ግን ሁልጊዜ አንቺ ብቻ እንዳትሆኚ። ሴት ስለሆንሽ ብዕሩ በየሳምንቱ ወደ አንቺ ከተገፋ፣ «በተራ እንያዘው» በዪ።

ፎርማኑስ? ትልቅ ሰው ናቸው ብለሻል። እንግዲያው በትልቅነታቸው ያዣቸው። ለብቻቸው ስታገኛቸው፦ «ጋሼ፣ እኔ እርስዎን ጋሼ ብዬ ነው የምሠራው። እኔንም በስሜ ወይም ኢንጂነር ብለው ይጥሩኝ፤ ሠራተኛው እርስዎ የሚሉትን ነው የሚከተለው።» የመጨረሻዋ ሐረግ ዋና ነገር ናት፤ እውነትም ናት። ፎርማን «ቆንጆ» ያላትን ልጅ ፌሮ አሳሪው ትእዛዟን አይሰማም። ብዙዎቹ እንዲህ ሲባሉ ያፍራሉ፣ ይተዋሉ። ካልተዉ፣ ወይም ነገሩ ከቃል ካለፈ፣ ጉዳዩ የአጠራር መሆኑ ቀርቶ የሕግ ይሆናል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ወሲባዊ ትንኮሳን በግልጽ ይከለክላል። ያኔ ቀኑንና ቃሉን እየጻፍሽ ያዢ።

ስለ አዋጁ ካነሳሁ አይቀር፣ ደብዳቤሽ ውስጥ አንጀቴን የበላው ያ «ሙከራ ላይ ነሽ» የሚለው ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ስምምነት በጽሑፍ እንዲሆንና ከተቀጠርሽበት ቀን ጀምሮ ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ይላል። በሳምንት ስድስት ቀን የምትሠሪ ከሆነ አሥር ሳምንት ነው። አንቺ ስድስት ወር ሆኖሻል። ሙከራ ላይ አይደለሽም። ያቺ ቃል ሕጋዊ ኃይል የላትም፤ ያላት ኃይል አንቺ ስላመንሽባት ብቻ ነው። ሙግት ግጠሚ አልልሽም። ወደ ሰው ሀብት ሂጂና «የቋሚነት ደብዳቤዬን ልወስድ መጥቼ ነው» በዪ። ጥያቄ አይደለም፣ ልብ አድርጊ።

«አንተ በይኝ» ያለሽ ወጣት ሥራ አስኪያጅ ጋ ስንመጣ፣ ደስ ካለሽ በዪው፤ ከከበደሽም «እርስዎ» ይቀመጥ። ከዚህ ብዙ አትጠብቂ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ «ጓድ» የሚል ቃል መጥቶልን ነበር፤ ሁሉን ሰው እኩያ የሚያደርግ ቃል። ብዙም ሳይቆይ «ጓድ ሊቀመንበር» መጣ፣ በዚያ ስም የሚጠሩትን ሰው ደግሞ ማን ደፍሮ ያርም ነበር? «አንተ» እያልሽው ስህተቱን መናገር ካልቻልሽ ተውላጠ ስሙ ምንም አልፈየደልሽም። «እርስዎ» እያልሽ ስህተታቸውን የምትነግሪያቸው አለቃ ካሉሽ ደግሞ ምንም አልጎደለብሽም። ኮስተር ማለትም እንዲሁ ነው። የሌለብሽን ፊት አታምጪ።

አንድ ነገር ግን ደብዳቤሽ ውስጥ አላነሳሽውም። አንቺም አለቃ ነሽ። ሳይት ስትወርጂ ለቀን ሠራተኛው ኢንጂነሯ አንቺ ነሽ። ከወላይታ፣ ከሐዲያ፣ ከጉራጌ፣ ከኦሮሚያ የመጣው ልጅ አማርኛ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋው ነው። ሲጨንቀው «አንተ» ሊልሽም ይችላል። ንቀት አይደለም፤ የቋንቋው ሰዋስው አልያዘለትም። «ገባህ?» ስትዪው ደግሞ «እሺ» ይልሻል፣ ልክ አለቃሽ አንቺን እንዳሉሽ፣ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። «አልገባኝም» ማለት የዛሬ ሥራውን የሚያሳጣው ይመስለዋል። ስለዚህ «ገባህ?» አትበዪው። «እስቲ ስታፋውን በስንት በስንት ሴንቲ ነው የምታስረው? አሳየኝ» በዪው። ሜትሩን አውጥቶ ሲለካ መልሱን ታገኛለሽ። ከተሳሳተም ብቻውን ሳለ አስተካክዪው። አንድ ቀን እሱ መጥቶ «ኢንጂነር፣ ይሄ ፌሮ አይበቃም» ይልሽ ይሆናል። ያን ቀን ሥራሽን አቁመሽ ስሚው።

ይህን ሁሉ አድርገሽ አለቃሽ እውነት በመናገርሽ ቢቀጡሽስ? ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያሉ አለቆች አሉ፤ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ የሚለውን አምነው የሚኖሩ። አንድ ጊዜ ቢቆጡ ታገሺ፤ ስህተት የሰማ ሰው መጀመሪያ ይደነግጣል። በሦስተኛው፣ በአራተኛው ጊዜም ቁጥር ይዘሽ ስትገቢ የሚያዋርዱሽ ከሆነ ግን ሲቪሽን አስተካክዪ። አርማታ የሚሞላበት ቤት ውስጥ ስህተት የማይነገር ከሆነ እዚያ ስምሽን አታስፈርሚ። እስከዚያው ግን ዕድል ስጫቸው። ከቁጣቸው ይልቅ ያ ያመለጣቸው ቁጥር እንቅልፍ የነሳቸው ሊሆን ይችላል።

የሚቀጥለው ወለል ሙሌት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው ብለሻል። እንግዲያው የፌሮው ትዕዛዝ በዚህ ሳምንት ይዘጋጃል። ሉሁን ራስሽ ሥሪው፣ ዲያሜትሩንና ክብደቱን ጎን ለጎን ጻፊ፣ ታትሞ በእጅሽ ይሁን። በር አንኳኪ፣ «ኢንጂነር» በዪ፣ ከዚያ በቀጥታ ከቁጥሩ ጀምሪ። ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ።